አባባ ገመቹ የሠሩት የአበባ ዳስ

በዚህ ሴሚስተር የተሰጠን የመጀመሪያ የንድፍ ሥራ ለዕፅዋት ማሳያ የሚሆን አነስተኛ የእንጨት ዳስ ነበር፤ አራት ሜትር በሦስት። መምህራችን ሞዴል እንድንሠራበት አንድ እቅፍ የተላጠ ቀጫጭን ባሕር ዛፍ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። እንጨቱ ገና አልደረቀም ነበርና ሽታው ወዲያው ክፍሉን ሞላው። ጓደኞቼ ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ እኔ አንዱን እንጨት አንሥቼ አሸተትኩት። የተላጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ለእኔ የአንድ ክረምት ሽታ ነው። ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ክፍል አልፌያለሁ። እንዲህ ያለ ዳስ ከመጀመሪያው ጉድጓድ እስከ መጨረሻው ሚስማር ሲሠራ አጠገቡ ሆኜ አይቻለሁ። የማስታውሰውን በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ። የተሳሳትኩት ነገር ቢኖር እናቴ ታርመኛለች።

የምንኖረው የከተማው ዳርቻ፣ ካራ ነበር። እናቴ ጫልቱ ችግኝና አበባ ትሸጥ ነበር፤ ጽጌረዳ፣ ፈርን፣ እሬት፣ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል። ተክሎቿን በዘይት ጣሳና በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ተክላ መንገድ ዳር ትደረድራቸዋለች። በበጋ ጸሐይ ያቃጥላቸዋል፣ በክረምት በረዶ ይቀጠቅጣቸዋል። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ የወረደ በረዶ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን በአንድ ከሰዓት አወደመባት። አባቴ ለሥራ ድሬዳዋ ስለነበር የተሰባበረውን ቅጠል የለቀምነው እኔና እሷ ነን። አላለቀሰችም። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ደፍታ አፈሩን ለሌላ ጊዜ ከመረችው።

ከደንበኞቿ አንዷ ወይዘሮ ንግሥት ይባሉ ነበር። መሪ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ የነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ ነበሩ። በግቢው በር አጠገብ፣ ከአጥሩ ውጪ፣ ባዶ ቦታ ነበረ። ቦታውን እናቴም፣ መኪና የሚያጥቡ ልጆችም ጠይቀዋል። አንድ ቀን ወይዘሮ ንግሥት ፈርን ሊገዙ መጥተው የማኅበሩን ውሳኔ ነገሯት።

«ጫልቱ፣ የሚያምር ነገር ሥሪና እስከ መስከረም እንየው። ዳሱም አበባውም ካማረ ቦታው ያንቺ ነው። ካልሆነ ለልጆቹ እንሰጣለን። ሸራና ላስቲክ ግን እንዳታመጪብኝ።»

እኔ «እስከ መስከረም እንየው» የሚለውን ቃል በቃል ነው የወሰድኩት። የማኅበሩ ሰዎች በየቀኑ ከመስኮታቸው ተቀምጠው የሚያዩን መሰለኝ። ስለዚህ መሪ በሄድን ቁጥር ቀና እያልኩ አራቱንም ፎቅ በእጄ ሰላም እል ነበር። አንዲት ልብስ የምታሰጣ ሴት አንድ ጊዜ መልሳልኛለች።

ዳሱን እንዲሠሩ እናቴ የለመነቻቸው አባባ ገመቹ ጎረቤታችን ነበሩ። ከተማው ካራ ሳይደርስ በፊት ገብስ ያርሱ እንደነበር ሲወራ ሰምቻለሁ፤ እኔ የማውቃቸው ግን አናጺ ሆነው ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ባርኔጣ የማይለያቸው ሽማግሌ። እኔን «ኢንተላኮ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። በሰፈራችን ካሉት ቤቶች ብዙዎቹን የከደኑት እሳቸው ናቸው። የራሳቸው የሆነ ልማድም ነበራቸው። አንድ ቤት ጣሪያው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ ሳይጠሩ ሄደው በሩን ያንኳኳሉ። ገብተው የቤቱ መሀል ይቆማሉ፣ አንጋጠው ያዳምጣሉ። የቤቱ ሰዎችም አብረው ያንጋጥጣሉ። ጠብ የሚል ነገር ከሌለ አባባ ገመቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንደሚባልበት አራስ ቤት እንደገቡ ሁሉ ደስ ብሏቸው ይቀመጣሉ። እናቴ እንደምትለው በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ጊዜ ጠብ ብሎባቸው አያውቅም።

ባሕር ዛፉ ከእንጦጦ ጎን በአህያ ተጭኖ መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ቅርፊቱን ስንልጥ ሰነበትን። ቅርፊቱ እየተሰነጠቀ ሲላቀቅ ከሥሩ ያለው እንጨት እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ እጄ ላይ የቀረው ሽታ ምሳ ስበላም አልለቀቀኝም። ምስጥ እንዳይበላቸው የቋሚዎቹን ሥር የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባናቸው። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቋሚዎቹ ካልሲ ያደረጉ ይመስለኝ ነበር።

አባባ ገመቹ ንድፍ የሚሠሩት መሬት ላይ ነበር። እናቴ ከደብተሬ ወረቀት ገንጥላ ሥላ ብታሳያቸው በትሕትና ተቀብለው አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት።

«ጥሩ ነው። ግን ወረቀት ላይ የተሣለ ሰው ወገቡን አያመውም» አሏት። «ነይ ቁሚ እዚህ።»

ሲባጎ ወጥረው የዳሱን ልክ መሬቱ ላይ አወጡ። ከዚያ እናቴን ባዶ የውሃ ማጠጫ አስይዘው የሌሉ አበባዎችን አስጠጧት። ክርኗ የደረሰበትን፣ ጎንበስ ያለችበትን፣ እጇን የዘረጋችበትን እያዩ በአንድ ቋሚ እንጨት ላይ በመጋዝ ምልክት አደረጉ። መደርደሪያው እንደ ደረጃ ወደ ኋላ ከፍ እያለ የሚሄድ ሦስት እርከን ነበር። እኔን ከመንገዱ በኩል አቆሙኝ።

«አንቺ ገዢ ነሽ፤ ምን ታያለሽ?»

«የእማዬን ቀሚስ።»

እናቴ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። «እንግዲያው አጠጪዋ ከፊት መቆም የለባትም» ብለው በመደርደሪያውና በኋለኛው ቋሚ መካከል አንድ ሰው የሚያሳልፍ መንገድ ጨመሩ። አሁን ሳስበው ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ሁለተኛ ሲጠይቁኝ «አበባ» አልኩ፤ ምንም አበባ ባይኖርም።

ችግሩ የመጣው ጣሪያው ላይ ነው። ቋሚዎቹ ቆመው፣ ጣውላውን የሚሸከመው ወጋግራ ተመቶ፣ አባባ ገመቹ የመጀመሪያውን ጣውላ ሊመቱ መሰላል ላይ ወጥተው ነበር።

«አባባ፣ በየጣውላው መሀል ሁለት ጣት ይተዉልኝ» አለች እናቴ ከታች።

«የምን ሁለት ጣት?»

«ባዶ። ጸሐዩም ዝናቡም እየተቆራረጠ እንዲገባላቸው ነው። ፈርንን ሙሉ ጸሐይ ይገድለዋል፣ ጽጌረዳን ሙሉ ጥላ ይገድላታል። ግማሽ በግማሽ ይሁንላቸው።»

አባባ ገመቹ ከመሰላሉ ወረዱ። መዶሻቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ቀስ ብለው ተጠጓት።

«ስንት ጣውላ ጎደለሽ?»

«ምንም አልጎደለኝም።»

«አትፈሪ፣ እኔ አባትሽ ነኝ።»

«ኧረ አባባ፣ ምንም አልጎደለኝም! እንዲህ እንዲሆን ስለምፈልግ ነው።»

ወደ እኔ አዩ፣ እንደገና ወደ እሷ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ ልጄ፣ ገባኝ» አሉና ተመልሰው ወጡ። ክፍተቱን እንዳዘዘቻቸው እየተዉ መቱት። ሆኖም ጣሪያውን ወደ መንገዱ በኩል አዘንብለው ተዳፋት አደረጉት። እናቴ ውሃው ስለሚያልፍ ተዳፋት እንደማያስፈልገው ብትነግራቸው «ተዳፋት የሌለው ጣሪያ አልሠራም፤ እሱን እንኳ ተዪልኝ» አሏት፤ ተወችላቸው።

ሲያልቅ በጣም ደስ አለኝ፤ ትንሽም አፈርኩ። የተደሰትኩት መሬቱ ላይ በተዘረጋው የብርሃንና የጥላ መስመር ነው። እጄን ስዘረጋ ክንዴ ላይ ሸንተረር ይሆናል፤ ስንቀሳቀስ ሸንተረሩ ቀሚሴ ላይ ይሄዳል። ያፈርኩት ደግሞ ሰማዩ ስለሚታይ ነው። ጣሪያ የማውቀው የተዘጋ ሆኖ ነው። እናቴ ለአባባ ያለችውን ሰምቼ ነበር፤ ግን አላመንኳትም። ትልልቅ ሰዎች እንግዳ ፊት ሳይበሉ «በልተናል» ሲሉ እንደሚያደርጉት ዓይነት መሰለኝ።

ከመንገዱ ማዶ ሸምሱ የሚባል የስልጤ ሰው ሱቅ ነበረው። ቀልደኛ ነው፤ ሱቁ ፊት ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ስለማይጠፋ ሁልጊዜ አድማጭ አያጣም። ብስኩት ልገዛ ስሄድ ጠየቀኝ።

«ሲፈን፣ አባባ ጣሪያውን መቼ ነው የሚጨርሱት?»

«ጨርሰዋል እኮ።»

«እንዴ! ሰማዩ ይታያል እኮ።»

ብስኩቱን ኪሴ ከተትኩ። «ጣውላው አልቆ ነው» አልኩት።

በማግሥቱ እናቴ ሰንዳፋ ሄደች። ወንድሟ እግሩ ተሰብሮ ማሳውን አረም ውጦት ነበር። ነሐሴ ስለሆነ የሚያግዘው ሰው አልተገኘም። አበባዎቹን መደርደሪያው ላይ ደርድራ ጨርሳለች፤ ከፊት ጽጌረዳዎቹን፣ ከመሀል የተደባለቁትን፣ ከኋላ ፈርኖቹን። ዝናብ በሌለ ቀን ብቻ ውሃ እንዳጠጣቸው ነግራኝ፣ እኔን አባባ ገመቹ ቤት አስቀምጣኝ ሄደች። የምትመለሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

በሄደች በሁለተኛው ቀን ትልቅ ዝናብ ጣለ። አባባ ገመቹ እንደ ልማዳቸው ተነሡ። ከካራ መሪ ድረስ በዝናብ በእግር ሄድን። ዳሱ ውስጥ ገቡና መሀል ላይ ቆመው አንጋጠጡ። እኔም አብሬ አንጋጠጥኩ። ውሃው በክፍተቶቹ እየተቆራረጠ ይወርዳል፤ ባርኔጣቸው ላይ፣ አፍንጫቸው ላይ፣ ትከሻቸው ላይ ጠብ ይላል። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

ሸምሱ ጃንጥላ ዘርግቶ መንገዱን ተሻገረ።

«አባባ፣ ይሄ ጣሪያ ነው ወንፊት? ጣውላ ካለቀብዎት እኮ ሱቅ ውስጥ ካርቶን ሞልቷል፤ ለእርስዎ በነፃ ነው!»

ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። አባባ ገመቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውሃውን አራግፈው መልሰው አደረጉትና «ነይ ኢንተላኮ፣ እንሂድ» አሉኝ። መንገዱን ሙሉ በረጅም እርምጃ ቀደሙኝ። እኔ የሸምሱ ቀልድ ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር። ከሱቁ የገዛሁት ብስኩት ኪሴ ውስጥ ረጥቦ ሊጥ ሆኖ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ስነቃ የምተኛበት ክፍል ውስጥ ሦስት በጎች ነበሩ። እርጥብ ጸጉራቸው ይሸታል፤ አንዱ የብርድ ልብሴን ጫፍ ያኝካል። የአባባ ባለቤት «ውጪ በርዷቸው ነው» አሉኝ፤ አመንኳቸው። በጎቹን እንግዳ አድርጌ ነው የቆጠርኳቸው፤ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደራችሁ» እላቸው ነበር። የበጎቹ ቤት ጣሪያ አልባ መሆኑን ያየሁት ከቀናት በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን ሁለቱን ነገር አላገናኘሁትም።

የበጎቹ ቤት ቆርቆሮዎች ዳሱ ላይ ነበሩ። አባባ ገመቹ ብቻቸውን ተሸክመው ወስደው፣ በጣውላዎቹ ላይ አንጥፈው፣ በሚስማር መትተው ጨርሰዋል። ሳየው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አሁን ጣሪያ ሆኗል። ዝናብ ሲዘንብ እንደ ቤታችን ይጮሃል። ሸምሱም ከማዶ «አባባ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!» ብሎ ጮኸ። እሳቸው እጃቸውን ብቻ አነሡ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በደንብ አይለዩልኝም፤ ዳመናው አይገለጥም ነበር። የማስታውሰው ዳሱ ውስጥ ሲገባ የነበረውን ጨለማ ነው። የብርሃን መስመሮቹ ጠፍተዋል። ዝናቡ በተዳፋው ቆርቆሮ ላይ ተንሸራቶ በአንድ መስመር እንደ መጋረጃ ይወርዳል። የሚወርደው ደግሞ የፊተኛው ደረጃ ላይ፣ ጽጌረዳዎቹ ላይ ነው። አፈሩን ከየጣሳው እየቆፈረ አወጣው፤ እንቡጦቹ ሳይፈኩ ረገፉ። የመሀለኞቹ ቅጠል መጀመሪያ ገረጣ፣ ቀጥሎ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ግንዳቸው እየቀጠነና እየረዘመ ወደ መንገዱ ዘመመ። እኔ የጠማቸው መሰለኝ። እናቴ «ዝናብ በሌለ ቀን» ብላኝ ነበር፤ ዳሱ ውስጥ ግን ዝናብ ስለማይገባ በየቀኑ ማጠጣት እንዳለብኝ አሰብኩ። በጥንቃቄ፣ አንዱንም ሳልዘል፣ በየቀኑ አጠጣኋቸው።

እናቴ የተመለሰችው ጳጉሜን አንድ ቀን ነው። ማኅበሩ የሚመጣው መስከረም አንድ ካለፈ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ነበር፤ ሰባት ቀን ይቀራል። ዳሱ ፊት ቆመች። አንድ የጽጌረዳ ጣሳ አንሥታ ሥሩን አሸተተች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«ማነው የከደነው?»

«አባባ ናቸው።»

«ቆርቆሮውን ከየት አመጡት?»

ያኔ የበጎቹን ነገር ነገርኳት። እየነገርኳት ሳለ ራሴም ገባኝ። እናቴ የዳሱን ቋሚ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች።

በዚያው ምሽት ከሰንዳፋ ያመጣችውን ባቄላ ይዛ አባባ ገመቹ ቤት ሄደች። አብሬያት ነበርኩ። የምትቆጣ መስሎኝ ተሸሸግኩ። እሷ ግን ስለ እኔ አመሰገነቻቸው፣ ስለ ቆርቆሮው አመሰገነቻቸው፣ ስለ በጎቹ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ስለ አበባዎቹ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ተመለስን። ለምን እንዳልነገረቻቸው ስጠይቃት «የበግ ቤታቸውን አፍርሰው የሠሩልኝን ጣሪያ ያፍርሱት ልበላቸው?» አለችኝ። «አንቺ ብትሆኚ በየት በኩል ነው የምትጀምሪው?»

ሁለት ቀን እንዲሁ አለፈ። እናቴ አበባዎቹን ከዳሱ አውጥታ ሜዳ ላይ ልትደረድራቸው ትችል ነበር፤ ነገር ግን ወይዘሮ ንግሥት የሚመጡት ዳሱን ከነአበባው ለማየት ነው። ቆርቆሮውን በሌላ አናጺ ብታስነሣው ደግሞ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ካራ ይገባል። ማታ ማታ እናቴ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ መስመር ስትሥል አያታለሁ፤ አንድ መስመር፣ ክፍተት፣ አንድ መስመር።

በሦስተኛው ቀን አንዱን ጽጌረዳ ተሸክማ አባባ ገመቹ ግቢ ገባች። እሳቸው ጣሪያ በሌለው የበጎች ቤት አጠገብ መጋዝ እየሞረዱ ነበር። ጣሳውን እግራቸው ሥር አኖረችው።

«አባባ፣ ይቺ ምን የነካት ይመስልዎታል?»

ሞረዳቸውን አስቀመጡ። ቅጠሉን ገልብጠው አዩ፤ ግንዱን በሁለት ጣታቸው ለኩ፤ አፈሩን ቆንጥረው አሹ። እንዲህ ያለ አያያዝ እጃቸው ላይ አይቼ አላውቅም ነበር።

«የት ነበረች?»

«ዳሱ ውስጥ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ።»

«ይሄማ ዋርካ ሥር የበቀለ ገብስ ነው» አሉ። «ድሮ በማሳችን ዳር ትልቅ ዋርካ ነበረ። ከሥሩ የሚዘራው ሁሉ እንዲህ ቀጥኖ፣ ነጥቶ…» ጣሳውን አዩ። እናቴን አዩ።

«ጫልቱ፣ የምርሽን ነበር እንዴ?»

«ምኑን አባባ?»

«ጸሐይ ይግባላቸው ያልሽው።»

«የምሬን ነበር።»

አባባ ገመቹ ወደ ቤት ገቡ። መዶሻና የሚስማር መንቀያ ይዘው ወጡ።

ቆርቆሮው በጠራራ ቀን፣ ታክሲ ጠባቂው ሁሉ እያየ ነው የተነሣው። እናቴ ከታች የሚያቀብሏትን ትቀበላለች፤ እኔ መሰላሉን ይዣለሁ። ሸምሱ ከማዶ «አባባ፣ ደግሞ ምን ሆነ? ጣሪያው መሮጥ ጀመረ?» አለ። «አንተ ስኳርህን ሽጥ!» አሉት አባባ። ሰዎቹ በዚህኛውም ሳቁ፤ ሳቁ ግን በሸምሱ ላይ ነበር።

እዚያው መሰላሉ ሥር ተናዘዝኩ።

«አባባ፣ ጣውላው አልቆ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከላይ ሆነው ወደ ታች አዩኝ። «ለማን?»

«ለሸምሱ።»

የያዙትን ሚስማር እስከሚነቅሉ ጠበቅኩ። ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት።

«እኔም ለባለቤቴ እንደዚያው ነው ያልኳት» አሉ።

እናቴ ቀና አለች። «ምን አሉ አባባ?»

«ምንም አልጎደለኝም ስትዪ፣ የጎደለሽ መሰለኝ። ልጅሽ ፊት መናገር ያፈርሽ መሰለኝ። የኔም እናት እንዲህ ነበረች፤ ድስቱ ባዶ ሲሆን ነው ‹ምንም አልጎደለኝም› የምትለው። ጎረቤት ያንን ሰምቶ ዝም ካለ ጎረቤት አይደለም።» ሌላ ሚስማር ነቀሉ። «የሸምሱ ቀልድማ ምን ያደርገኛል? ቀልዱ አንቺ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የሮጥኩት።»

እኔ እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ቆርቆሮውን የመቱት ስለ ራሳቸው ስም ብለው እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። እናቴም እንደዚያ ነበር ያሰበችው። ቆርቆሮውን እንደያዘች አፈሩ ላይ ቁጭ ብላ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ሲቆይ ሌላ ነገር ሆነ። አባባ ገመቹ እስክትጨርስ ፊታቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው ጠበቋት።

አራት ቀን ብቻ ነበር የቀረን። እናቴ የሞቱትን አወጣች፣ የታመሙትን ቅርንጫፎች ገረዘች፣ አፈር ጨመረች። ብርሃኑ በመስመር በመስመር ተመልሶ ገባ። በአራት ቀን አበባ አይድንም። በየግንዱ ጫፍ ትንሽ አዲስ ቅጠል ብቅ አለ፤ ጠጋ ብሎ ላላየው ግን ዳሱ የገረጡ ተክሎች የተደረደሩበት እንጨት ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ወይዘሮ ንግሥት ከሁለት የማኅበሩ ሰዎች ጋር መጡ። አባባ ገመቹ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው ጥግ ላይ ቆመዋል። እንግዶቹ መንገዱ ላይ ሆነው ገና ሰላም እያሉን ዝናብ ጀመረ፤ ሦስቱም ሮጠው ወደ ውስጥ ገቡ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የወይዘሮ ንግሥት የተተኮሰ ጸጉር ላይ አረፉ።

«ውይ! ያፈሳል እኮ!»

እናቴ ልትናገር አፏን ከፈተች። አባባ ገመቹ ቀደሟት።

«አዎ፣ ያፈሳል» አሉ። «የሠራሁት እኔ ነኝ። እንዲያፈስ አድርጌ ነው የሠራሁት።»

ከማኅበሩ ሰዎች አንዱ፣ ወፍራሙ፣ ወደ መደርደሪያው ጠቆመ። «አበባዎቹስ ለምን እንዲህ ሆኑ?»

«እኔ ስላልነበርኩ ነው» አለች እናቴ።

«አይደለም፤ እኔ ነኝ» አሉ አባባ ገመቹ። «እሷ በሌለችበት ቆርቆሮ ከደንኩባቸው። ለአበባዎቹ የሚበጀውን የምታውቀው እሷ ነበረች፤ እኔ አላመንኳትም። ቆርቆሮውን ካነሣሁ አራት ቀኔ ነው። ጫፉን እዩት እስቲ።»

ወይዘሮ ንግሥት ተጠጉ። የአንዷን ጽጌረዳ ጫፍ በጣታቸው አነሡ፤ ቀጥሎ ያለችውን፣ ከዚያም ከኋላዋ ያለውን። ከጸጉራቸው የሚወርደውን ውሃ በመዳፋቸው ጠረጉ።

«የኔን መታጠቢያ ቤት የጠገነው ሰውዬ ዓመቱን ሙሉ ‹አያፈስም› እያለኝ ነው፤ ባልዲው ግን እስከ ዛሬ ከሥሩ አልተነሣም» አሉ። «ያፈሳል ብሎ የሚነግረኝ አናጺ ገና ዛሬ አየሁ።» ወደ ወፍራሙ ሰውዬ ዞሩ። «እኔ ይበቃኛል። እርስዎስ?»

«መኪና አጣቢዎቹን ምን እንበላቸው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። ጫልቱ፣ ቦታው ያንቺ ነው።»

እናቴ እጅ ነሣች። ዝናቡ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ጠነከረ። ሸምሱ ከሱቁ ከለላ ሥር ሆኖ «ኧረ ወዲህ ተሻገሩ፣ እዚህ ደረቅ ነው!» እያለ በሁለት እጁ ይጠራናል። የሱቁ ደጅ ከአሥራ አምስት እርምጃ አይርቅም። ወይዘሮ ንግሥት ወደ ሱቁ አዩ፣ ወደ አባባ ገመቹ አዩ፣ ከዚያ አንድ የፈርን ጣሳ አንሥተው ውሃ በስንት ቀን እንደሚጠጣ እናቴን ይጠይቁ ጀመር። ወፍራሙ ሰውዬ ቋሚውን በእጁ እየደባበሰ የምን እንጨት እንደሆነ ጠየቀ፤ ባሕር ዛፍ መሆኑን እያወቀ። ሦስተኛው ሰው ዝም ብሎ ቆመ። ሁላችንም እስኪያባራ ድረስ እዚያው ቆየን፤ በየመስመሩ እየረጠብን፤ ቀድሞ የሚወጣ ጠፍቶ።